አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ሞርሳ፦ የሜካኒካል ንዝረት ሀሁ በተግባር

የሜካኒካል ንዝረት ትምህርት ብዙውን ጊዜ በቀመር ይጀመራል። እኔ በእጄ ልጀምረው ፈለግሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚነዝር ነገር ሁሉ ሦስት ነገር አለው፦ መጠነ ቁስ፣ ግትርነት (ሲጫኑት አልጎብጥም የማለት አቅሙ) እና ንዝረቱን ቀስ በቀስ የሚያበርደው ዳምፒንግ። ሦስቱን ለየብቻ ከለካሁ፣ ዕቃው ሲነቃነቅ ምን እንደሚያደርግ ገና ሳልነካው መናገር መቻል አለብኝ። መናገር ካቃተኝ ያልገባኝ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሙከራ ማስታወሻ ነው፤ እየሠራሁ የጻፍኩት።

ዕቃዎቹ

ብዙ አይደሉም። ውፍረቱ 1 ሚ.ሜ፣ ወርዱ 25 ሚ.ሜ የሆነ የብረት ማስመሪያ። ጠረጴዛ ላይ በደንብ የታሰረ ሞርሳ፣ ማለትም ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዝ መንጋጋ። ሮንዴላ፣ ዳዶ፣ ቡሎን። ግራም የሚመዝን ትንሽ ሚዛን። የመጫወቻ መኪና ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ትንሽ የዲሲ ሞተር፣ ቮልቱ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ። ለመለኪያ ኤምፒዩ 6050 የተባለው አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥን፣ ማለትም አክስለሬሽንን የሚለካ ሴንሰር)፣ ንባቡን ከሚቀበለው አርዱይኖ ከተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር። በዚያ ላይ በሴኮንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ የስልክ ካሜራ።

ስልክ ራሱ ውስጡ አክስለሮሜትር አለው። ታዲያ ስልኩን ማስመሪያው ላይ ማሰር አይቀልም ወይ? ችግሩ ክብደቱ ነው። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ግራም በላይ ይመዝናል፤ እኔ የማንቀጠቅጠው ነገር ደግሞ 100 ግራም ነው። ስልኩ ሲጨመር የሚነዝረው ሌላ ዕቃ ይሆናል። ትንሿ ሴንሰር ግን ጥቂት ግራም ብቻ ናት። ሽቦዎቿንም ቀጫጭን መርጬ ላላ አድርጌ ተውኳቸው፤ የተወጠረ ሽቦ ማስመሪያውን እንደ ተጨማሪ ሞላ ይይዘዋል።

ግትርነት፦ መጀመሪያ ምንም ሳይነቃነቅ

ማስመሪያውን 250 ሚ.ሜ ከሞርሳው ወጣ አድርጌ አሰርኩት። ጫፉ ላይ 20 ግራም ሮንዴላ ሳንጠለጥል 2.5 ሚ.ሜ ወረደ። 40 ግራም ሲሆን 5 ሚ.ሜ። 60 ግራም ሲሆን 7.5 ሚ.ሜ። 100 ግራም ላይ ሲደርስ 12.5 ሚ.ሜ። ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ሳስቀምጣቸው ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ በ1678 ያሳተመው ሕግ ይህ ነው፦ ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉብጠቱም በእጥፍ ይጨምራል።

20 ግራም 0.196 ኒውተን ይመዝናል። ለ2.5 ሚ.ሜ ሲካፈል 78.5 ኒውተን በሜትር ይመጣል። የማስመሪያዬ ግትርነት ይህ ነው።

በስሌትም ይገኛል። በአንድ በኩል ለታሰረ ዘንግ፣ ግትርነቱ የብረቱ ኢላስቲክ ሞዱለስ (ቁሱ ራሱ ምን ያህል ግትር እንደሆነ የሚናገር ቁጥር፤ ለብረት 200 ጊጋፓስካል ገደማ) በሦስት ተባዝቶ፣ እንደገና በቅርጹ ኢነርሺያ (ከወርዱና ከውፍረቱ በሚሰላ ቁጥር) ተባዝቶ፣ ለርዝመቱ ኪዩብ ሲካፈል ነው። በዚህ መንገድ 80 አገኘሁ። ከ78.5 ብዙ አይርቅም። ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የምይዘው የተለካውን ነው። ምክንያቱም ቀመሩ ውስጥ ውፍረቱ በሦስት ፓወር ይገባል። ማስመሪያው 1 ሚ.ሜ ተብሎ 0.95 ሚ.ሜ ቢሆን ግትርነቱ 14 በመቶ ይወርዳል። ለአምስት መቶኛ ሚ.ሜ ልዩነት! ሞርሳውም ሙሉ በሙሉ ድርቅ ያለ አይደለም፤ ትንሽ ይሰጣል። ሮንዴላ ማንጠልጠል ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይለካዋል።

የተፈጥሮ ድግግሞሽ፦ ጫፉን ስቦ መልቀቅ

አሁን ትንበያ። ግትርነቱን ለመጠነ ቁሱ አካፍለን፣ ስኩዌር ሩት ወስደን፣ ለሁለት ፓይ፣ ማለትም ለ6.28፣ ስናካፍል የተፈጥሮ ድግግሞሹን፣ ማለትም ተስቦ ሲለቀቅ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ፣ በሄርዝ እናገኛለን። 78.5 ለ0.1 ኪሎ 785 ነው። ስኩዌር ሩቱ 28። ለ6.28 ሲካፈል 4.46 ሄርዝ።

100 ግራሙን ጫፉ ላይ በቡሎን አጥብቄ፣ ሳብ አድርጌ ለቀቅሁት። አክስለሮሜትሩ 4.2 ሄርዝ አለ። ካሜራውም ያው 4.2።

ልዩነቱ 6 በመቶ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጎደለው የማስመሪያው የራሱ ክብደት ነው። ከሞርሳው የወጣው ክፍል 49 ግራም ይመዝናል። ይሁንና 49ኙም እኩል አይንቀሳቀሱም። ሥሩ ጋ ያለው ብረት ምንም አይላወስም፤ ጫፉ ግን ከሮንዴላው ጋር እኩል ይሮጣል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቀው ዘዴ እዚህ ጋ ይጠቅማል። የያንዳንዷን ቁራጭ የእንቅስቃሴ ኃይል ደምረን፣ ያን ያህል ኃይል ይዞ ጫፉ ላይ ቢቀመጥ ስንት ግራም ይሆን ነበር ብለን እንጠይቃለን። በአንድ በኩል ለታሰረ ዘንግ መልሱ የክብደቱ 33/140 ነው፤ ሩብ ገደማ። የእኔ 11.6 ግራም ሆነ።

111.6 ግራም ብዬ ደግሜ አሰላሁት። 4.22 ሄርዝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ! ገና የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሽታ ሳይደርስ፣ ሮንዴላ አንጠልጥሎ በተገኘ ቁጥር የንዝረትን ፍጥነት መናገር ይቻላል ማለት ነው።

አንድ አቋራጭ እዚህ ላይ ላስቀምጥ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ዕቃው በራሱ ክብደት ስንት ሚ.ሜ እንደሚወርድ ካወቅን ግትርነቱም መጠነ ቁሱም አያስፈልግም። 15.76ን ለዚያ ሚሊሜትር ስኩዌር ሩት ማካፈል ብቻ። 25 ሚ.ሜ የወረደ ነገር 3.15 ሄርዝ ላይ ይነዝራል። 1 ሚ.ሜ ብቻ የወረደ 15.8 ሄርዝ ላይ። ማሽን ከጎማ ወይም ከሞላ እግር ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች ይህን ስሌት በቃላቸው ቢይዙት አይከፋም።

ዳምፒንግ፦ ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው

መጠነ ቁስን ሚዛን ይነግረናል፤ ግትርነትን ሮንዴላ። ዳምፒንግን ግን ቆሞ ያለ ዕቃ ላይ መለካት አይቻልም። እስኪበርድ ማየት ነው።

ጫፉን 20 ሚ.ሜ ስቤ ለቀቅሁትና ስፋቱ 10 ሚ.ሜ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ ከቪዲዮው ቆጠርኩ። 22። ሎጋሪዝሙን ሠርቶ ለጨረሰ ሰው ሕጉ ወደ አንድ መስመር ይጠቃለላል፦ 0.11ን ግማሽ እስኪሆን ለተቆጠረው ውዝዋዜ አካፍል። እኔ 0.005 አገኘሁ። ይህ የዳምፒንግ ሬሾ ይባላል። 1 ሲሆን ዕቃው ጭራሽ ሳይወዛወዝ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔ የዚያ 1/200 ብቻ ነው።

ቀጥሎ በሞርሳው መንጋጋና በማስመሪያው መሀል ካርቶን አስገባሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም። አሁን በ5 ውዝዋዜ ግማሽ ሆነ፤ ሬሾው ወደ 0.022 ዘለለ። ብረቱ ያው ብረት ነው። በአብዛኛው ኃይሉ የሚባክነው ብረቱ ውስጥ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ነገር ይተሻሻል። በቡሎን የታሰረ መዋቅር ከአንድ ወጥ ብረት ይልቅ ቶሎ የሚበርደው ለዚህ ነው። የዳምፒንግ ቁጥር ከሠንጠረዥ ገልብጦ ማመን ያስቸግራል፤ ያው ዕቃ አስተሳሰሩ ሲቀየር ቁጥሩ በአራት እጥፍ ይለወጣል።

ከካርቶኑ ጋር ድግግሞሹም ትንሽ ወርዷል። ያ ግን በዳምፒንግ ምክንያት አይደለም። ሬሾው 0.022 ሲሆን ዳምፒንግ ድግግሞሹን የሚቀንሰው ከሺህ አንድ እንኳ በማይሞላ ነው። ካርቶኑ ለስላሳ ስለሆነ ሥሩ ላይ ግትርነቱ ቀንሶ ነው።

ካርቶኑን አውጥቼ ሞርሳውን መልሼ አጠበቅሁት።

ሞተሩ ሲገባ

እስካሁን ዕቃው ተስቦ ተለቆ በራሱ ነው የነዘረው። አብዛኛው የፋብሪካ ንዝረት ግን ሚዛኑን ያልጠበቀ የሚሽከረከር ነገር የሚያመጣው ነው፦ ፋን፣ ፓምፕ፣ ጎማ።

ትንሿ ሞተር 250 ሚ.ሜ ላይ ለሚገኘው 4 ሄርዝ በጣም ትፈጥናለች። ስለዚህ ማስመሪያውን 125 ሚ.ሜ አደረግሁት። ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 628 ኒውተን በሜትር። ሞተሩን ከነማሰሪያው፣ 60 ግራም፣ ጫፉ ላይ ከሥር አሰርኩት። ማስመሪያው ከራሱ ክብደት ወደ 6 ግራም ያዋጣል። ትንበያው 15.6 ሄርዝ ነበር። በጣቴ መታ ሳደርገው ሴንሰሩም ያንኑ አለ። የዳምፒንግ ሬሾው ከነሽቦው 0.01 ሆነ።

የሞተሩ አክስል ላይ ከመሀሉ 5 ሚ.ሜ ርቆ 1 ግራም ብረት አለ። በሴኮንድ 15.6 ጊዜ ሲዞር የሚፈጥረው ጉልበት 0.05 ኒውተን ገደማ ነው፤ የ5 ግራም ክብደት ያህል። ያን ያህል ጉልበት ቆሞ ቢጫን ማስመሪያውን 0.08 ሚ.ሜ ብቻ ያጎብጠዋል። በዓይን አይታይም።

ቮልቱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። 8 ሄርዝ ላይ ምንም የለም። 12 ላይ ጫፉ ደብዘዝ ማለት ጀመረ። 15 አካባቢ ማስመሪያው በድንገት ተነሣ። 15.6 ላይ ወደ ላይ 4 ሚ.ሜ፣ ወደ ታች 4 ሚ.ሜ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 0.08 ሲባዛ 50 ማለት ነው። 50 ደግሞ ከየት መጣ? አንድን ለዳምፒንግ ሬሾው እጥፍ ስናካፍል ነው። ሦስተኛው ቁጥር፣ ዳምፒንግ፣ ሬዞናንስ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በማስመሪያው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ሲዞር፣ ብቸኛው ወሳኝ ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ ግትርነቱና የመጠነ ቁሱ ጉልበት እርስ በርስ ይሰራረዛሉ፤ ንዝረቱን የሚይዘው ዳምፒንግ ብቻ ይቀራል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በልኩ ሰዓት ነካ ነካ ማድረግ እንደሚበቃ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ኃይል ያቀብላል፤ የሚቀበለውና የሚባክነው እኩል እስኪሆን ድረስ ስፋቱ ያድጋል።

የምትዘለው ዳዶ

ይህን ክፍል በጣም ወድጄዋለሁ። ማስመሪያው ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ ዳዶ ሳላስር እንዲሁ አስቀመጥኩ። ሞተሩ ቀስ ሲል ዳዶዋ ከማስመሪያው ጋር ዝም ብላ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ፍጥነቱን ስጨምር የሆነ ቦታ ላይ መንጫጫት ጀመረች። ቪዲዮውን አቁሜ ስፋቱን ለካሁ። 1 ሚ.ሜ ገደማ።

ለምን 1 ሚ.ሜ? ዳዶዋን ወደ ታች የሚስባት የመሬት ስበት ብቻ ነው። ማስመሪያው ከዚያ ፈጥኖ ወደ ታች ከሸሸ ልትከተለው አትችልም፤ አየር ላይ ትቀራለች። ከዚያ ሲመለስ ይመታታል። የአንድ ንዝረት አክስለሬሽን ስፋቱ በድግግሞሹ ስኩዌር (በ6.28 ከተባዛ በኋላ) ሲባዛ ነው። በ15.6 ሄርዝ 1 ሚ.ሜ ሲወዛወዝ ይህ 9.6 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይሆናል። ስበቱ 9.8 ነው።

ከላይ ያለውን አቋራጭ አስታውሱ። 1 ሚ.ሜ በራሱ ክብደት የወረደ ዕቃ 15.8 ሄርዝ ላይ ይነዝራል። በ15.8 ሄርዝ 1 ሚ.ሜ የሚነዝር ነገር አክስለሬሽኑ ከስበት እኩል ነው። ሁለቱ አንድ ቀመር ናቸው፤ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ ማየት ነው። ማሽን ላይ የተቀመጠ ልቅ ነገር መንጫጫት ከጀመረ፣ ያለ ምንም መሣሪያ አንድ መረጃ አገኘን ማለት ነው፦ እዚያ ቦታ ላይ አክስለሬሽኑ ከስበት አልፏል።

ማን ይቀድማል

ከሞተሩ ብረት ላይ ነጭ ነጥብ ቀባሁና በ240 ፍሬም ቀረጽኩ። አንድ ዙር ወደ 15 ፍሬም ይይዛል፤ በቂ ነው።

ከሬዞናንስ በታች፣ የማስመሪያው ጫፍ ከፍታው ላይ ሲደርስ ነጭ ነጥቡም ከፍታው ላይ ነው። አብረው ይሄዳሉ። ሬዞናንስ ላይ፣ ጫፉ ከፍታው ላይ ሲደርስ ነጥቡ ጎን ላይ ነው፤ ሩብ ዙር ቀድሟል። ከሬዞናንስ በላይ ደግሞ ጫፉ ከፍታው ላይ ሲሆን ነጥቡ ታች ነው። ብረቱ ወደ ታች ሲጎትት ሞተሩ ወደ ላይ ይሄዳል! የንዝረት ቀመሮች የ0፣ የ90 እና የ180 ዲግሪ መዘግየት የሚሉት ነገር ይኸው ነው። በሥዕል ከማየት ይልቅ ሦስት ቪዲዮ ማየት ይሻላል።

ሞተሩ የሚጣበቅበት ቦታ

አሁን ሆነ ብዬ የሞተሩን ኃይል አቅመ ቢስ አደረግሁት። በመስመሩ ላይ 10 ኦም ሬዚስተር ጨመርኩ። ቮልቱን ስጨምር ፍጥነቱ እንደወትሮው ወጣ። 15 ሄርዝ ተኩል አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ከ1.5 ቮልት ወደ 1.6፣ ወደ 1.7 አሳደግሁ። ፍጥነቱ ያው ነው፤ የሚጨምረው የማስመሪያው መንቀጥቀጥ ብቻ። 1.8 አካባቢ ስደርስ ማስመሪያው በአንዴ ጸጥ አለና ሞተሩ ከ30 ሄርዝ በላይ ተሻገረ።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አርኖልድ ዞመርፌልድ ይህን በ1902 ገልጾታል፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የተጨመረው ኤሌክትሪክ ሞተሩን አላፈጠነውም፤ ማስመሪያውን በማንቀጥቀጥ አለቀ። የንዝረት መማሪያ ጽሑፎች ሬዞናንስን ሲያስረዱ ጉልበቱ ከውጭ በፈለገው ድግግሞሽ እንደሚመጣ አድርገው ነው። እውነተኛ ሞተር ግን የሚነቃነቀው ዕቃ መልሶ ይጫነዋል። ሥራ ሲጀምር ሬዞናንስ አልፎ መሄድ ያለበት ማሽን የማለፊያ አቅም ያስፈልገዋል፤ ካነሰው እዚያው ተጣብቆ ራሱን ይጎዳል።

ሬዚስተሩን አወጣሁት። ያለዚያ በ15.6 እና በ30 ሄርዝ መሀል ያሉትን ነጥቦች መለካት አይቻልም ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፦ በ1940 አሜሪካ ውስጥ የወደቀው የታኮማ ናሮውስ ድልድይ የሬዞናንስ ምሳሌ ተደርጎ በየቦታው ይነሣል። የእኔ ሞተር ግን ያንን አያስረዳም። እዚያ ነፋሱ በራሱ ቋሚ ምት ድልድዩን አልመታውም፤ የድልድዩ መጠምዘዝ ራሱ የነፋሱን ጉልበት እየቀያየረ ንዝረቱን ይመግበው ነበር። ራሱን በራሱ የሚቀሰቅስ ንዝረት ነው፤ በሌላ ሙከራ መታየት ያለበት።

ስለ ናሙና አወሳሰድ አጭር ማስታወሻ

አርዱይኖው በሴኮንድ 20 ጊዜ ብቻ እንዲያነብ አድርጌ የ15.6 ሄርዙን ንዝረት ለካሁ። ግራፉ ንጹሕ የ4.4 ሄርዝ ሞገድ አሳየኝ። ከ20 ላይ 15.6 ሲቀነስ። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ የሚያምር ውሸት ነው። ከሚለካው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቢያንስ ከሁለት እጥፍ በላይ ናሙና መውሰድ ግድ ነው። እኔ ቀሪውን ሁሉ በሴኮንድ 500 ጊዜ በማንበብ ነው የሠራሁት።

ንዝረቱን በንዝረት ማቆም

ሄርማን ፍራም የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓተንት ያወጣበት ዘዴ አለ፦ ከሚነዝረው ዕቃ ላይ፣ በዚያው ድግግሞሽ የተቃኘ ትንሽ ሞላና ክብደት መጨመር። ታይዋን ያለው የታይፔ 101 ሕንፃ አናት አጠገብ የተንጠለጠለው 660 ቶን ኳስ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ውፍረቱ 0.3 ሚ.ሜ የሆነ ስስ ብረት ጫፉ ላይ ዳዶ አስሬ፣ ርዝመቱን 80 ሚ.ሜ አካባቢ እያስተካከልኩ 15.6 ሄርዝ ላይ ቃኘሁት። የሚነዝረው ክፍል ከዋናው 5 በመቶ ብቻ ነው። ሞተሩ አጠገብ አሰርኩት።

ሞተሩን 15.6 ላይ አመጣሁት። ስሱ ብረት እንደ እብድ ይወዛወዛል፤ ማስመሪያው ግን ቆሟል። የቀድሞዋን ዳዶ እላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ አልተንጫጫችም። ስሱ ብረት ላይ የታሰረው ዳዶ በየቅጽበቱ ከሞተሩ ጉልበት ጋር እኩልና ተቃራኒ የሆነ ጉልበት ወደ ማስመሪያው እየመለሰ ነው።

ዋጋ ግን አለው። ፍጥነቱን ዝቅ ሳደርግ 14 ሄርዝ ላይ አዲስ ሬዞናንስ መጣ። ከፍ ሳደርግ 17.4 ላይ ሌላ። አንዱ ከፍታ ጠፍቶ ሁለት ሆነ፤ ስሌቱም 13.9 እና 17.4 ይላል። በአንድ ፍጥነት ብቻ ለሚሠራ ማሽን ይህ ችግር አይደለም። ፍጥነቱ ለሚለዋወጥ ግን ሁለት አዲስ ወጥመድ ነው።

መፍትሔው እዚያው ትንሹ ላይ ዳምፒንግ መጨመርና ትንሽ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ነው። ለ5 በመቶ ክብደት ስሌቱ 14.9 ሄርዝና 0.13 የዳምፒንግ ሬሾ ይመክራል። ስሱን ብረት አስረዘምኩት፤ ላዩ ላይ ለስላሳ የስፖንጅ ፕላስተር ለጠፍኩ። ሁለቱ ጫፎች ወርደው እንደ አንድ ሰፊ ጉብታ ሆኑ። 50 እጥፍ የነበረው ወደ 9 እጥፍ ወርዷል። ንድፈ ሐሳቡ በዚህ ክብደት እስከ 6.4 እጥፍ መውረድ ይቻላል ይላል። ግራው ጉብታ ከቀኙ ከፍ ስለሚል ቅኝቱ ገና ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የሚቀጥለው ሥራ ስሱ ብረት ላይ የታሰረውን ዳዶ በግማሽ ሚ.ሜ እያንቀሳቀሱ ሁለቱን ማስተካከል፣ ከዚያ የስፖንጁን መጠን መቀያየር ነው።